ብሩሹን እንደገና ማንሳት፦ የጠፈር ምስሎችን በአክሪሊክ ለመሳል የአሠራር መመሪያ (ለደሴና ለኮምቦልቻ)

ለዓመታት ብሩሽ ያልነካ እጅ ሲመለስ መጀመሪያ የሚሞክረው የሰው ፊት ወይም የሚያውቀውን ሰፈር ነው። ሁለቱም ይቅር ባይ አይደሉም። ዓይኗ ሁለት ሚሊሜትር ከቦታዋ ከሸሸች ፊቱ የሌላ ሰው ይሆናል፤ የአይጠየፍ አዳራሽ ጣሪያ ትንሽ ካጋደለ ደሴ ያደገ ሁሉ ያውቅባችኋል። በጠፈር ያለ የጋዝና የአቧራ ደመና (ኔቡላ የሚባለው) ግን ሁለት ጣት ወደ ግራ ቢሄድ ማንም ልብ አይለውም። እሱ የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነው፦ የብርሃንና የጨለማን ደረጃ መለየት፣ የትኛው ጠርዝ ስል የትኛው ደብዛዛ እንደሚሆን ማወቅ። ከሥዕል የራቀ ሰው መልሶ ማሠልጠን ያለበትም እነዚህን ሁለቱን ስለሆነ ለመመለሻ ከዚህ የተሻለ ርዕስ ማግኘት ይከብዳል።

መመሪያው 40 በ50 ሳንቲ ሜትር የሆነ አንድ ሥዕል በአክሪሊክ ቀለም ከባዶ ጨርቅ ተነስቶ እስከ መጨረሻው ኮከብ ያደርሳል። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው ሁለት ሁለት ሰዓት ለሚሠራ ሰው አንድ ወር ገደማ ይፈጃል።

አሮጌውን ሣጥን መፈተሽ

አዲስ ነገር ከመግዛታችሁ በፊት ከአልጋ ሥር ያለውን ሣጥን አውጡ። የአክሪሊክ ቱቦውን ጫን ጫን አድርጉት። ወጥ ሆኖ ከወጣ ደህና ነው። መጀመሪያ ውሃ ብቻ ከፈሰሰው ቀለሙ ተለያይቷል ማለት ነው፤ ሳህን ላይ አውጥታችሁ በደንብ ካማሰላችሁት ይመለሳል። እንደ ጎማ የተቋጠረ ነገር ከወጣው ወይም የሻጋታ ሽታ ካለው ግን ጣሉት፤ አክሪሊክ አንዴ ከደረቀ በውሃ አይመለስም። የዘይት ቀለም ካላችሁ አፉ ላይ የደረቀውን ቆዳ በሚስማር ብትበሱት ከሥሩ ያለው ብዙ ጊዜ ደህና ሆኖ ይገኛል። ከአክሪሊኩ ጋር ግን አታቀላቅሉት። በደረቀ አክሪሊክ ላይ ዘይት ይያዛል፤ በዘይት ላይ የተቀባ አክሪሊክ ግን ቆይቶ ይላጣል።

ቀለም የደረቀበትን ብሩሽ ፋርማሲ በሚሸጠው 70 በመቶ አልኮል ውስጥ ፀጉሩን ብቻ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ንከሩት፣ በጥርስ ብሩሽ አበጥሩት፣ ከዚያ በሳሙና እጠቡት። እጀታውን አትንከሩ፤ ቅቡ ይለቅቃል። ብርጭቆ ውስጥ በአፉ ቆሞ የተጣመመውን ደግሞ ሞቅ ባለ ውሃ (በፈላ ሳይሆን) አርሱትና በሳሙና ቅርጽ አስይዛችሁ አስተኝታችሁ አድርቁት። ፀጉሩ ተበታትኖ አልመለስ ያለውን አትጣሉ። ደመና ለመሳል ከአዲሱ የተሻለ የሚሠራው እሱ ነው።

ቀለምና መሣሪያ

የሚያስፈልገው ስድስት ቀለም ነው፦ ቲታኒየም ነጭ (ትልቁ ቱቦ)፣ አልትራማሪን ሰማያዊ፣ ፍታሎ ሰማያዊ፣ በርንት አምበር የሚባለው ጥቁር ቡኒ፣ ማጀንታ እና ቢጫ። ጥቁር አትግዙ፤ ካላችሁም ለዚህ ሥራ ሣጥኑ ውስጥ ይቆይ። ከቱቦ የወጣ ጥቁር ሥዕሉ ላይ ቀዳዳ ይመስላል፤ በላዩ ስስ ሰማያዊ ሲያልፍበትም ግራጫ ይሆናል። የሰማይ ጥቁር በአልትራማሪንና በቡኒው ነው የሚሠራው።

ቱቦው ላይ «ሰማያዊ» የሚል ብቻ ካለ አትመኑ። ጀርባውን ገልብጣችሁ የቀለሙን ኮድ አንብቡ፦ አልትራማሪን ፒቢ 29፣ ፍታሎ ፒቢ 15፣ ማጀንታ ፒአር 122፣ ቲታኒየም ነጭ ፒደብልዩ 6 ነው። ኮድ የሌለበት የተማሪ ስብስብም ይሠራል፤ ማሟያ ዱቄት ስለሚበዛበት ግን ጨለማው ይሳሳል፣ አንድ ወይም ሁለት ተጨማሪ ቅብ ይፈልጋል።

ትልቁ ስህተት እዚህ ጋ ነው የሚሠራው። የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ገብታችሁ «የውሃ ቀለም» ብትሉ የሚሰጣችሁ በውሃ ተመልሶ የሚሟሟ የልጆች ቀለም ሊሆን ይችላል። በእሱ ላይ ሁለተኛ ሽፋን ስትቀቡ የታችኛው ይነሳና ሁሉም ይቦካል። መለያው ቀላል ነው። ትንሽ ወረቀት ላይ ቀቡ፣ አንድ ሰዓት ይድረቅ፣ ከዚያ በእርጥብ ጣት እሹት። ጣታችሁ ቀለም ካነሳ አክሪሊክ አይደለም።

ለብሩሽ፦ ከሕንፃ መሣሪያ መደብር አንድ 5 ሳንቲ ሜትር የቤት ቀለም ብሩሽ፣ አንድ 2 ሳንቲ ሜትር ጠፍጣፋ፣ ክብ ቁጥር 6 እና ክብ ቁጥር 1። በተጨማሪ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ጥቂት ስቴኪኒ፣ እንዲሁም የፍራሽ ስፖንጅ ቁራጭ። ስፖንጁን በመቀስ አትቁረጡት፣ በእጅ ገንጥሉት፤ በመቀስ የተቆረጠ ጠርዝ ደመናው ላይ ቀጥ ያለ መስመር ይተዋል።

ለቀለም ማደባለቂያ ነጭ የሸክላ ሳህን ይበቃል። ኮምቦልቻ ግን ከደሴ ስድስት መቶ ሜትር ያህል ዝቅ ስለምትልና ስለምትሞቅ በቀትር ሳህን ላይ ያለ ቀለም ሳትጨርሱት ቆዳ ያወጣል። እዚያ ክዳን ያለው ሰፊ ፕላስቲክ ዕቃ ውሰዱ፣ ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ አንጥፉ፣ በላዩ የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት አድርጉና ቀለሙን በወረቀቱ ላይ አውጡ። ሲከደን እስከ ማግስቱ ሳይደርቅ ይቆያል።

ሸራውን ማዘጋጀት

የተዘጋጀ ሸራ ካላገኛችሁ አቡጀዲ ጥሩ ነው። 60 በ70 ሳንቲ ሜትር ቁረጡ፣ በሙቅ ውሃ እጠቡት። ካልታጠበ ቆይቶ ይሸበሸባል፤ ከፋብሪካ የመጣበት ማጠንከሪያም ማጣበቂያውን አያስጠጋም። አድርቃችሁ ተኩሱት።

ክፈፉን ለአናጢ ስታዙ ሦስት ነገር ንገሩት። እንጨቱ የደረቀ ይሁን፤ ስፋቱ 4 ውፍረቱ 2 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ በጨርቁ በኩል ያለው የውስጥ ጠርዝ በመላጊያ ይላጥ። ካልተላጠ እንጨቱ ጨርቁን ይነካና በሥዕሉ ዙሪያ መስመር ያወጣል። ስትረከቡት ሁለቱን ሰያፎች በሜትር ለኩ፤ ሁለቱም 64 ሳንቲ ሜትር ከሆኑ ማዕዘኑ ትክክል ነው። አንዱ 63 ሌላው 65 ከሆነ ሳትከፍሉ መልሱት።

ጨርቁን ስትወጥሩ ከማዕዘን አትጀምሩ። በአራቱም ጎን መካከል ላይ አንድ አንድ ምቱ፣ ከዚያ ከመካከል ወደ ማዕዘን በየ4 ሳንቲ ሜትሩ፣ አንዴ በዚህ ጎን አንዴ በተቃራኒው እያደረጋችሁ ቀጥሉ። በጣት ስትመቱት እንደ ከበሮ ባይጮኽም መርገብ የለበትም። በክረምት ደሴ ላይ ለሚሠራ ሰው ግን ከጨርቅ ይልቅ 6 ሚሊ ሜትር ኮምፔልሳቶ ይሻላል፤ እርጥበቱ ጨርቅን ያረግባል፣ በረገበ ጨርቅ ላይ ደግሞ ብሩሽ ይዘላል። ኮምፔልሳቶውን ከፊትም ከኋላም ቀቡት፤ በአንድ ጎን ብቻ ከተቀባ ይጎብጣል።

ከዚያ ማሸጊያው፦ አንድ እጅ ነጭ የእንጨት ኮላ በሦስት እጅ ውሃ በጥብጡ፣ በትልቁ ብሩሽ ቀቡ፣ ይደር። በማግስቱ ነጭ ፕላስቲክ ቀለም (የግድግዳውን) አንድ አሥረኛ ውሃ ጨምራችሁ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ቀቡ፤ አንዱን በቁመት ሌላውን በአግድም። ለአንድ ቅብ ሁለት የሾርባ ማንኪያ በቂ ነው። በቅቦቹ መካከል ቁጥር 220 የብርጭቆ ወረቀት በስሱ አሳልፉበት። ሲደርቅ በጥቁር ጨርቅ እሹት። ጨርቁ ነጭ ዱቄት ካነሳ ቀለሙ ማጣበቂያ አንሶታል፤ በሚቀጥለው ቅብ ሩብ ያህል ኮላ ጨምሩበት። ይህ ዝግጅት ለትርፍ ጊዜ ሥራ ነው እንጂ መቶ ዓመት ይቆያል ተብሎ አይሸጥም።

ሠዓሊዎች «ጄሶ» የሚሉትና የሕንፃ መሣሪያ መደብር «ጄሶ» የሚለው አንድ አይደሉም። ሠዓሊው የሚፈልገው አክሪሊክ ያለበት ነጭ መሠረት ነው፤ መደብሩ የሚሰጣችሁ ለኮርኒስ የሚሆን ዱቄት ነው። ያንን ዱቄት በጥብጦ ጨርቅ ላይ የቀባ ሰው ሸራው ሲንቀሳቀስ እንደ ደረቀ ረግረግ ሲሰነጠቅ ያየዋል።

መብራትና መስኮት

ከአውሮፓ የመጡ የሥዕል መማሪያዎች «በሰሜን መስኮት ሥሩ፣ ፀሐይ አትገባም» ይላሉ። ደሴ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ናት። ስለዚህ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው። በእነዚያ ወራት የሰሜኑ መስኮት ቀጥታ ጨረር ስለሚያስገባ ነጭ ነጠላ ጋርዱበት። ከመስከረም እስከ መጋቢት ግን ምክሩ ይሠራል።

ማታ ለሚሠራ ሰው ካርቶኑ ላይ ከ4,000 እስከ 5,000 ኬልቪን (የብርሃኑን ቀለም የሚነግር መለኪያ) የሚል አምፖል ይሻላል። በቢጫ አምፖል ሥር ሰማያዊው ሁሉ ጥቁር ይመስላል፤ ጨለማው በቃ ብላችሁ ታቆሙና ጠዋት ደማቅ ሰማያዊ ግድግዳ ይጠብቃችኋል። መብራት ሲጠፋ በስልክ ባትሪ ቀለም አትደባልቁ። ያን ጊዜ ከቤት ወጥቶ ሰማዩን ማየት ይበልጣል፤ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ምሽት ኦሪዮን የሚባለው የኮከቦች ስብስብ አናት ላይ ሊደርስ ትንሽ ነው የሚቀረው። ከሦስቱ ተርታ ኮከቦች ዝቅ ብሎ ያለው ጭጋግ መሰል ነጥብ የኦሪዮን ኔቡላ ነው፣ ወደ 1,350 የብርሃን ዓመት ይርቃል። ለዓይን ግራጫ ነው የሚመስለው፤ በደብዛዛ ብርሃን የሚሠራው የዓይናችን ክፍል ቀለም አይለይም። ይህ ለሚቀጥለው ክፍል ይጠቅማል።

ምስሉን መምረጥ፣ ቀለሙንም መረዳት

ሃብል ቴሌስኮፕ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ፣ ጄምስ ዌብ ደግሞ ከሐምሌ 2022 ጀምሮ ያወጧቸው ምስሎች በነፃ ይገኛሉ። የናሳ ምስሎች በአብዛኛው የቅጂ መብት የለባቸውም፤ የአውሮፓ ጠፈር ድርጅት የሚያወጣቸውን የሃብልና የዌብ ምስሎች ምንጩን ጠቅሶ መጠቀም ይቻላል። ሥዕሉን ብታሳዩ ወይም ብትሸጡ ከጀርባው የምስሉን ምንጭ ጻፉ። ስታወርዱ የመቶዎች ሜጋባይቱን ትልቅ ፋይል ተዉት፤ ስፋቱ 2,000 ፒክስል የሆነው ይበቃል፣ ዳታችሁም ይተርፋል።

የምታዩት ቀለም ዓይን ቦታው ድረስ ቢሄድ የሚያየው አይደለም። «የፍጥረት ዓምዶች» በሚባለው የሃብል ምስል (መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው፣ 6,500 የብርሃን ዓመት ገደማ የሚርቀው) የድኝ ብርሃን ቀይ፣ የሃይድሮጂን አረንጓዴ፣ የኦክስጅን ሰማያዊ ተደርጎ ነው የተመደበው። በተፈጥሮ ግን ድኙም ሃይድሮጂኑም ቀይ ያበራሉ፤ ሁለቱ እንዲለዩ ነው አንዱ አረንጓዴ የተሰጠው። ዌብ ደግሞ ዓይን በማያየው ታሕተ ቀይ ብርሃን ስለሚያነሳ ሁሉም ቀለሙ ተተርጉሞ የመጣ ነው። ስለዚህ አረንጓዴውን ወደ ወይን ጠጅ ብትቀይሩት ሥዕሉ ውሸት አይሆንም። የማይቀየረው ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ ነው። ወጣት ትኩስ ኮከቦች ባሉበት በኩል ያለው የደመና ጠርዝ ያበራል፤ ከኋላው ይጨልማል። ይህን ካፈረሳችሁ ቀለሙ የቱንም ያህል ቢያምር ሥዕሉ የተደፋ ቀለም ይመስላል።

ሁለቱን ቴሌስኮፖች በአንድ ሥዕል አትቀይጡ። በሃብል ምስል አቧራው ከኋላው ያለውን ኮከብ ይጋርዳል፣ ዓምዶቹም ጥቅጥቅ ያሉ ናቸው፤ በዌብ ምስል ታሕተ ቀዩ አቧራውን ስለሚያልፍ ዓምዱ ውስጥም ኮከብ ይታያል። የሃብል ደማቅ ኮከብ አራት ጨረር አለው። የዌብ ስድስት ረጃጅምና ሁለት አጫጭር አሉት፤ ይህ ከመስታወቶቹ ስድስት ጎንና ከፊቱ ካሉት ደጋፊ ዘንጎች የሚመጣ ነው። ቴሌስኮፕ የሚያውቅ ሰው ሥዕላችሁን ሲያይ መጀመሪያ የሚቆጥረው ጨረር ነው።

ለመጀመሪያ ሥራ ጋላክሲ አትምረጡ። ጠመዝማዛ ክንዶቹ የጂኦሜትሪ ሥራ ናቸው፣ ትንሽ ከተሳሳቱ ቀንድ አውጣ ይሆናሉ። አንድ ትልቅ ጨለማ ቦታ፣ አንድ ደማቅ ቦታ እና በመካከላቸው አንድ ግልጽ ጠርዝ ያለው ምስል ያዙ። ከዌብ የመጀመሪያ ምስሎች አንዱ የሆነው፣ «የጠፈር ገደሎች» የሚባለው የካሪና ኔቡላ ክፍል ለዚህ የተሠራ ይመስላል፤ ከታች ቡናማ ተራራ፣ ከላይ ሰማያዊ ጭጋግ። ከአዝዋ ገደል ላይ ሆኖ ጠዋት ጉም ሲነሳ ያየ ሰው አቀማመጡን ያውቀዋል።

ምስሉን ከስልክ እያያችሁ የምትሠሩ ከሆነ የማያ ገጹን ብርሃን ግማሽ ላይ አድርጉት፣ በራሱ የሚቀያየረውንና ማታ ቢጫ የሚያደርገውን አጥፉ። ማያ ገጽ ራሱ ያበራል፣ ቀለም ግን አያበራም፤ ሙሉ ብርሃን ላይ ካደረጋችሁት ነጭ ስትጨምሩ ትውላላችሁ። ኮፒ ቤት የምታሳትሙ ከሆነ ጨለማውን ክፍል በስልኩ ማስተካከያ ትንሽ አንሱት፤ ማተሚያ ጥቁር ሰማያዊውንና ጥቁር ቡኒውን አንድ ጥቁር አድርጎ ያወጣዋል። አንዱን በቀለም፣ አንዱን በጥቁርና ነጭ አሳትሙ።

እጅን ማሟሟቅ

ሦስት ቁጭታ ወረቀት ላይ። በመጀመሪያው ዘጠኝ ሳጥን በተርታ አስምሩና ከጥቁሩ ድብልቅ እስከ ነጭ በእኩል ደረጃ ሙሉ። ብዙ ሰው አምስተኛው ላይ ደርሶ ነጭ ሊሆንበት ይላል፤ ቲታኒየም ነጭ ጉልበተኛ ስለሆነ ከጨለማው በኩል ስትነሱ በስቴኪኒ ጫፍ ነው የሚጨመረው። በሁለተኛው ቀን ከጨለማ ወደ ብርሃን ያለ መስመር የሚሸጋገር 10 በ20 ሳንቲ ሜትር ቁራጭ አምስት ጊዜ ሥሩ። ሦስተኛው ላይ የመረጣችሁትን ምስል በጥቁርና ነጭ ብቻ፣ በፖስታ ካርድ መጠን፣ በ40 ደቂቃ። ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ ስታዩት ዋናውን ምስል ከመሰለ ቀለም ባይኖረውም ሥዕሉ ተሠርቷል። ይህን ዘልሎ በቀጥታ ወደ ሸራው የሚሄድ ሰው በሦስተኛው ሳምንት ምን እንደጎደለው ሳያውቅ ይቆማል።

ሥዕሉ

1ኛ፦ መሠረቱን ማጨለም። ሁለት የሻይ ማንኪያ አልትራማሪን፣ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ በርንት አምበር፣ የሽምብራ ያህል ማጀንታ፣ የምስር ያህል ፍታሎ። ፍታሎውን በመጨረሻ፣ በጥንቃቄ ጨምሩ፤ ትንሽ ሲበዛ ሁሉን ይውጣል። ይህ ለአንድ ቅብ ነው። እጥፉን ሠርታችሁ ክዳን ባለው ብልቃጥ አስቀምጡ፤ ያንኑ ጨለማ ዳግመኛ ማግኘት ከባድ ነው፣ ስህተት መሸፈኛም እሱ ነው። የሸራውን ጎንም ቀቡ። ሁለት ቅብ፣ በመካከሉ ሙሉ መድረቅ።

መድረቁን በእጅ ጀርባ ነው የሚያውቁት። ከቀዘቀዛችሁ ውሃ ገና እየወጣ ነው። ኮምቦልቻ በበጋ ቀትር 20 ደቂቃ ይበቃው ይሆናል፤ ደሴ በሐምሌ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈልጋል። ክፍሉ ከ10 ዲግሪ በታች ከሆነ አክሪሊክ በደንብ አይጣበቅም፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ቀብታችሁ ከበረንዳ አታሳድሩት።

2ኛ፦ ቦታ መያዝ። በደረቀው ጨለማ ላይ በጠመኔ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ መስመር ጣሉ፤ 20 ካሬ ይወጣል። በታተመው ምስል ላይም አምስት በአራት አስምሩ። የደመናውን ትልልቅ ቅርጽ ብቻ ገልብጡ። ጠመኔው በኋላ በእርጥብ ጨርቅ ይለቅቃል፤ እርሳስ ግን ያብለጨልጫል።

3ኛ፦ ጭጋጉ በነጭና በግራጫ። የሥራው ልብ እዚህ ነው፣ ብዙ ሰው የሚያበላሸውም እዚሁ። ሮዝ ጭጋግ የፈለገ ሰው ነጭና ማጀንታ ቀላቅሎ ይቀባል፤ ውጤቱ ብርሃን ሳይሆን የእንጆሪ እርጎ ነው። መንገዱ ሌላ ነው፤ ነጩ ከታች፣ ቀለሙ ከላይ። መጀመሪያ የሚያበራውን ቦታ ሁሉ ያለ ቀለም፣ በነጭና ከብልቃጡ ጨለማ በተሠራ ግራጫ ብቻ አስቀምጡት። ስፖንጁን ግራጫው ላይ ነካ አድርጉ፣ ወረቀት ላይ አራግፉት፣ ከዚያ ሸራውን ዳበስ ዳበስ። ከጨለማው ግራጫ ጀምራችሁ እየጠበበ ወደሚሄድ ነጭ ውጡ። በእያንዳንዱ ደረጃ የሚሸፈነው ቦታ ካለፈው ግማሽ ያህሉ ይሁን፤ ንጹሕ ነጭ ከሥዕሉ አንድ ሃያኛ እንዳይበልጥ። ስፖንጁን በየጊዜው አዙሩት፣ አለዚያ አንድ ዓይነት ማኅተም ሲደጋገም ይታወቃል።

እዚህ ደረጃ ላይ ሥዕሉ ያስጠላል። የከሰል ጭስ ይመስላል። አትንኩት፣ ይደር።

4ኛ፦ ስስ ቀለም ማልበስ። አንድ እጅ ቀለም በአራት እጅ አክሪሊክ ሚዲየም (ቀለም የሌለበት የአክሪሊክ ማሳሻ)። ሚዲየም ካላገኛችሁ በውሃ ማሳሳት ይቻላል፣ ግን ከቀለሙ ግማሽ በላይ ውሃ አይጨመር፤ ከዚያ ካለፈ ማጣበቂያው ይላላና ቀጣዩ ቅብ ሲያልፍበት ይነሳል። በውሃ ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ከማሳሳት ይልቅ በደረቅ ብሩሽ በጣም ጥቂት ቀለም ማሸት የተሻለ ነው።

ቀለሙን በነጩ ላይ በሰፊው አልብሱት፣ ጠርዙን በእርጥብ ጣት ወይም በንጹሕ ስፖንጅ አጥፉት። ብርሃን በስሱ ቀለም ገብቶ ከታች ካለው ነጭ ላይ ነጥሮ ስለሚመለስ ከውስጥ የሚያበራ ይመስላል። አንዱ ልባስ ደካማ ይሆናል፣ ይሁን፤ ሦስት ወይም አራት እየደረቀ ሲደራረብ ነው የሚጠልቀው። ሰማያዊውን መጀመሪያ፣ ማጀንታውን ቀጥሎ፣ ቢጫና ብርቱካንማውን በመጨረሻ። እርጥብ ሰማያዊ ላይ ብርቱካንማ ካረፈ የቦርከና የክረምት ጎርፍ ቀለም ያወጣል። ከተበላሸ አትሹት፤ አድርቁት፣ ያንን ቦታ በግራጫና ነጭ መልሱት፣ እንደገና አልብሱ።

አክሪሊክ ሲደርቅ ትንሽ ይጨልማል። ሲቀባ ልክ የሆነው ሲደርቅ ስለሚያንስ ደማቁን ትንሽ አስበልጡት።

5ኛ፦ ጠርዝ። አሁን ከብልቃጡ ጨለማ በክብ ቁጥር 6 የአቧራውን ዓምድ ወይም ገደል ቅረጹ። ወደ ኮከቦቹ የዞረው ጎን ስል ይሁን፣ በላዩም በቁጥር 1 ብሩሽ ነጭና ጥቂት ቢጫ ያለበት ቀጭን የብርሃን ክር ይሂድበት። ክሩ ወጥ መስመር አይሁን፤ እየተቆረጠ፣ እየወፈረ እየቀጠነ ይሂድ። ተቃራኒው ጎን በስፖንጅ ወደ ጨለማው ይጥፋ። ሥዕሉ በሙሉ ስል ጠርዝ ካለው ተቆርጦ የተለጠፈ ወረቀት ይመስላል፤ በሙሉ ደብዛዛ ከሆነ ደግሞ መነጽር ያወለቁ ይመስላችኋል።

6ኛ፦ ኮከብ። መጨረሻ ላይ ነው፤ ልጆችም አዋቂዎችም መጀመሪያ ሊያደርጉት ይቸኩላሉ። ሸራው ቢያንስ አንድ ሌሊት የደረቀ ይሁን፣ ምክንያቱም ያልተፈለገ ነጠብጣብ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ በእርጥብ ጨርቅ የሚነሳው ከሥሩ ያለው ከደረቀ ብቻ ነው።

ነጩን የወተት ያህል አቅጥኑ። የጥርስ ብሩሹን ጫፍ ንከሩ፣ መጀመሪያ አሮጌ ጋዜጣ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ አራግፉ፤ ትልልቁ ጠብታ ሁልጊዜ መጀመሪያ ነው የሚወጣው። ከዚያ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ሆናችሁ በአውራ ጣት ፀጉሩን ወደ ራሳችሁ ሳቡት፤ ነጠብጣቡ ወደ ሸራው ይሄዳል። የሃብልን ምስል የምትከተሉ ከሆነ ዓምዱን በተቀደደ ወረቀት ጋርዱት።

ልኩ በእህል ነው። ለመቶ የጤፍ ፍሬ ኮከብ አሥር ሰሊጥ፣ ለአሥር ሰሊጥ አንድ ምስር። ጤፉ በጥርስ ብሩሽ፣ ሰሊጡ በስቴኪኒ ጫፍ፣ ምስሩ በቁጥር 1 ብሩሽ። ሁሉም አንድ መጠን ሲሆኑ ሰማይ ሳይሆን የተደፋ ጨው ይሆናል። በእኩል ርቀትም አትበትኗቸው፤ የሆነ ቦታ ይጠጋጉ፣ የሆነ ቦታ ባዶ ይሁን። ባዶውን መታገስ ከመርጨቱ ይከብዳል።

ነጩን ለሦስት ክፈሉት፦ አንዱ እንዳለ፣ አንዱ በጣም ጥቂት ፍታሎ፣ አንዱ ጥቂት ቢጫና ማጀንታ የነካው። ትኩሱ ኮከብ ሰማያዊ፣ ቀዝቃዛው ቀላ ያለ ነው፤ ከምድጃው ተቃራኒ ይመስላል እንጂ ቢላ አንጥረኛም ብረቱ ከቀይ ወደ ነጭ ሲሄድ እየጋለ መሆኑን ያውቃል። በኦሪዮን ውስጥ ቀላ ያለው ቤተልጌውዝ 3,500 ኬልቪን፣ ነጭ ሰማያዊው ራይጄል 12,000 ኬልቪን ገደማ ናቸው፤ ፀሐያችን በ5,800 በመካከላቸው አለች።

ጨረር ያላቸው ኮከቦች በዚህ መጠን ሸራ ላይ ከአምስት አይብለጡ። መጀመሪያ ዙሪያውን በስስ ሰማያዊ ክብ አድርጋችሁ አድርቁ፣ መካከሉን በነጭ አኑሩ፣ ከዚያ ማስመሪያውን ከሸራው ትንሽ አንስታችሁ በቁጥር 1 ብሩሽ ከመካከል ወደ ውጭ እየሳባችሁ ጫፉ ላይ አንሱት። ማስመሪያው ሸራውን ከነካ ቀለሙ ከሥሩ ይሰርጋል። በአንድ ሥዕል ያሉ ጨረሮች ሁሉ አንድ አቅጣጫ ይይዛሉ፤ አንዱ ኮከብ ያዘነበለ ሌላው ቀጥ ያለ አይሆንም። ርዝመታቸው ግን እንደ ኮከቡ ድምቀት ይለያያል።

ከዚያ በኋላ

ሁለት ሳምንት ይቆይ። በውሃ የሚሠራ ወይም ለአክሪሊክ ተብሎ የተዘጋጀ ቫርኒሽ በሰፊ ብሩሽ ሁለት ስስ ቅብ ይበቃል፤ የእንጨት ቫርኒሽ እየቆየ ቢጫ ስለሚያደርግ ሰማያዊውን ወደ አረንጓዴ ይወስደዋል። ነፋስ ባለበት ቀን አትቀቡ። ኮምቦልቻ ላይ የመንገድ አቧራ እስኪሰክን ማለዳ መቀባት ይሻላል፤ ደሴ ላይ ጉሙ ተገፎ ከጠዋቱ አራት ሰዓት በኋላ።

ቫርኒሽ ያልተቀባ አክሪሊክ ገጹ ለስላሳ ስለሆነ አቧራና ጥላሸት ይይዛል። ስለዚህ ቡና ከሚፈላበትና ዕጣን ከሚጨስበት ጥግ ራቅ አድርጋችሁ ስቀሉት። ያንን ግድግዳ ብቻ ካላችሁ ቫርኒሹን ሦስት ቅብ አድርጉት፤ በየወሩ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት፣ በእርጥብ አይደለም።